ባዶ ስለሚባለው መሬት

እርሻ በሣር ምድር ዕፀዋት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ፤ በጅቡቲ ከተማ ለመምህራን የተደረገ ንግግር



 የንግግሬ ጉዳይ ሣር ነው። ከመካከላችሁ «ዝናብ ብርቅ በሆነበት አገር ተቀምጦ ስለ ሣር መናገር ምን ይረባል?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ትናንት ማታ የገጠመኝን ብነግራችሁ ይህን ጉዳይ ለምን እንደ መረጥሁት ትረዱልኛላችሁ።

አንድ የአገሬ ሰው ቡና ጠርቶኝ ወደ ቤቱ ሄድሁ። እመቤቲቱ ረከቦቱን ከማቅረባቸው በፊት ከፕላስቲክ የተሠራ አረንጓዴ ሣር በወለሉ ላይ አነጠፉና «መምህር፣ በዚህ አገር ሣሩ አይገኝምና ይቅር ይበሉን» አሉኝ። እኔም «ምንም አይደለም» ብዬ ተቀመጥሁ፤ ይሁን እንጂ ኅሊናዬ ዕረፍት አላገኘም። ይኸው የፕላስቲክ ሣር ዛሬ በአዲስ አበባም በብዙ ቤት ይነጠፋልና። ጅቡቲ ሣር ያነሳት ሰማይ ስለ ነፈጋት ነው። እኛ ግን ክረምቱን ሙሉ የሚዘንብበት ደጋ ይዘን ሣር እየራቀን የሄደው ስለ ምንድን ነው? ዛሬ ከእናንተ ጋር ልመረምረው የምፈልገው ይህንን ነው። የደረስሁበትንም አስቀድሜ ልናገር። ሣሩን ያጣነው ከሁሉ በፊት «ባዶ መሬት» የሚል ስም ስለ ሰጠነው ነው፤ ይህንንም ስም ለልጆች የምናስተምረው እኛው መምህራን ነን።

በመጀመሪያ ሣር ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንመልከት። መስክ ከሩቅ ለሚያየው አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነገር ብቻ ይመስላል። ጎንበስ ብሎ ለሚመረምረው ግን ብዙ ዓይነት ዕፀዋት ተጎራብተው የሚኖሩበት ማኅበር ነው። በደጋውና በወይና ደጋው መስክ ሰርዶ መሬት ለመሬት ይሳባል፤ ሰንበሌጥ ቁመቱን ሰቅሎ ይቆማል፤ ስንደዶና አክርማ በዘለላ በዘለላ ይበቅላሉ፤ ውሃ በሚተኛበት ጨፌ ቄጠማ ይገኛል፤ በመካከላቸው ማገጥ ያብባል፤ መስከረም ሲጠባም አደይ አበባ ይፈነዳል። እያንዳንዱም የሚሰጠው ጥቅም አለው። ሰንበሌጥ የቤት ክዳን ነው። ስንደዶና አክርማ ባይኖሩ ሞሰብ አይሰፋም። እንግጫ ባይነቀል የዘመን መለወጫችን በዓል ይጎድላል። ማገጥ ደግሞ የባቄላና የአተር ዘመድ ስለ ሆነ በሥሩ እብጠት ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጂንን ከአየር ወስዶ መሬቱን ያበለጽጋል። በኢትዮጵያ ደጋ ከሚበቅሉት የማገጥ ዓይነቶች በርካቶቹ በሌላው ዓለም በተፈጥሮ የማይገኙ ናቸው።

ከእነዚህ ዕፀዋት ብዙዎቹ ለብዙ ዓመት የሚኖሩ ናቸው። ላያቸው በበጋ ደርቆ ቢታይም ሥራቸው ሕያው ነው፤ አፈሩን አንቆ ይይዛል፤ የክረምቱንም ውሃ ወደ ውስጥ ያሰርጋል። ቅጠላቸው ቢታጨድ ወይም በከብት ቢጋጥ ከሥራቸው እንደገና ያቆጠቁጣሉ። እንዲያውም በልክ መታጨድና በልክ መጋጥ መስኩን ቁጥቋጦ እንዳይውጠው ይጠብቀዋል። ሣርን የሚገድለው ሥሩ ሲገለበጥ ወይም ዕረፍት ሲያጣ ነው። ይህን ቃል በልባችሁ ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ የዚሁ ማብራሪያ ነው።

እንግዲህ ወደ እርሻው እንምጣ። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የባቡር ሐዲድ ወደዚህ ስወርድ መንገዱ ራሱ መምህር ሆነኝ። ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ባለው ጥቁር የመረሬ ምድር ማሳ ከማሳ ጋር ተያይዟል። የገበሬው ትጋት የሚያስመሰግን ነው። ለጤፍ ማሳ አራትና አምስት ጊዜ ደጋግሞ ያርሳል። ነገር ግን ማረሻው በሁሉ ዕፀዋት ላይ እኩል አይፈርድም። ሰርዶ ቢቆራረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ያቆጠቁጣል፤ ገበሬውም ከሱ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ሲታገል ይኖራል። ሰንበሌጥና ስንደዶ ግን ዘለላቸው ከተገለበጠ በኋላ ይህ ብልሃት የላቸውም። መሬቱ ጦም ቢያድር ቶሎ የሚመለሱት ሙጃን የመሰሉ ያንድ ዓመት ዕፀዋትና ያው ሰርዶ ናቸው። የቀሩት ዘራቸው ከቅርብ ካልመጣላቸው ብዙ ዘመን ይጠብቃሉ፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ ታርሶ ከሆነም ዘሩ ከወዴት ይመጣል? ስለዚህ አንድ መስክ በአንድ ወር ይታረሳል፤ እንደ ቀድሞው መስክ ለመሆን ግን የሰው ዕድሜ ላይበቃው ይችላል።

«ሰው ከሣር ይበልጣል፤ ሕዝብ በዝቷልና መታረስ አለበት» የሚል ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ የተራበ ሰው ባለበት አገር ስለ አበባ ብቻ የሚያዝን ሰው ሊሰማ አይገባውም። ነገር ግን የደጋው ገበሬ የሚያርሰው በበሬ መሆኑን አንርሳ። በሬው የሚበላው ሣር ነው። ጨፌው ሲታረስ በሬው ገለባ ብቻ ይቀርለታል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ወተቷ የምትታለበው ላም ትከሳለች። ዛፉ አልቆ ኩበቱ ለማገዶ በሚሄድበት አገር ደግሞ ፍግ ያላገኘው ማሳ እየሳሳ ይሄዳል፤ የሳሳውም ማሳ ሌላ ጨፌ እንዲታረስ ያስገድዳል። እንዲህ እየሆነ ማረሻው የሚጎትተውን የበሬ ጉሮሮ ያርሳል። ስለዚህ ሣሩን ከሰው ጋር የምናወዳድረው ሁለቱን እንደ ባላጋራ ስላየናቸው ነው እንጂ በእውነቱ አንዱ የሌላው ምግብ ነው።

ባቡሩ ከአዳማ አልፎ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወርድ ሌላ ዓይነት እርሻ ይታያል፤ ይኸውም የመስኖ እርሻ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ የሚያልቅ ወንዝ ነው። በዚህ ወንዝ ላይ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ተከተለ። የመተሐራ አገዳ የተተከለበት ምድር የከረዩ ከብት አርቢዎች በበጋ የሚሰማሩበት ነበር። ብዙ ሳይርቅም የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ በዚያም ሳላ የሚባለው የዱር እንስሳ የሚውልበት የኢላላ ሳላ የሣር ሜዳ ይገኛል። ከአንድ ወገን አገዳው፣ ከሌላ ወገን ፓርኩ የያዘው ከብት አርቢ በቀረው መሬት ላይ ተጨናነቀ፤ ከብቱም ድርቅ ሲመጣ ወደ ፓርኩ ሣር ይገባል። ጠባቂና አርቢ ሲጣሉ የምንሰማው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከአዋሽ ከተማ በኋላ ወንዙ ከሐዲዱ ተለይቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ አፋር ምድር ይታጠፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ያለው በዚያ ነው። በደጋው ክረምት ሲሆን አዋሽ ሞልቶ በዳርቻው ያለውን ሜዳ ያጥለቀልቅ ነበር። ውሃው ሲሸሽ በረጠበው አፈር ላይ ሣር ይበቅላል፤ የአፋርም ሰው በዝናብ ወራት ከብቱን ይዞ በሰፊው ሜዳ ይበተንና ሜዳው ሲደርቅ ወደ ወንዙ ዳር ይመለሳል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ በዚያም ዝናብ የት እንደ ጣለና ሣር የት እንዳለ ይነገራል። ስለዚህ ለከተማ ሰው ባዶ የሚመስለው ሜዳ በዕውቀትና በሥርዓት የሚተዳደር ነበር። የወንዙ ዳር ስፋቱ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የክፉ ቀን ጎተራ እሱ ነው።

እርሻው የመረጠው ይህን ጎተራ ነው፤ ውሃና ለም አፈር ያለው በዚያ ነውና። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በተንዳሆና በመካከለኛው አዋሽ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተከፈቱ። በካርታ ላይ ለተመለከተው ሰው የተወሰደው መሬት ከአፋር ስፋት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነበር። ይሁን እንጂ ከአንድ ቤት ጎተራውን ብቻ ወስዶ ሌላውን ክፍል ሁሉ ቢተዉለት ቤተ ሰቡ ጦሙን እንደሚያድር መታወቅ ነበረበት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ በመጣ ጊዜ አፋሮች የሚመለሱበት የወንዝ ዳር አነሰባቸው፤ እጅግ ብዙ ከብትና ሰውም አለቀ። የረኃቡ ምክንያት እርሻው ብቻ ነበረ አልልም፤ ዝናቡም ቀርቶ ነበር፤ መንግሥትም ዘግይቶ ነበር። ነገር ግን የበጋው ግጦሽ መወሰዱ ጉዳቱን እንዳከበደው የታወቀ ነው።

በዕፀዋቱ ላይ የደረሰውም ከዚሁ ይከተላል። ከብቱ የሚመለስበት የወንዝ ዳር ስለ ጠበበው ዓመቱን ሙሉ በሰፊው ሜዳ ላይ ቆየ። ለብዙ ዓመት የሚኖረው ሣር ዘር ሳያፈራ ተጋጠ፤ በድጋሚም ተጋጠ፤ ሥሩም ዕረፍት አጥቶ ሞተ። በምትኩ ዝናብ ሲጥል በቅሎ ወዲያው የሚደርቅ ያንድ ዓመት ሣር መጣ፤ ቀጥሎም ራቁት አፈር ሆነ። ማረሻ ያልነካው ሜዳ በሩቅ ባለ ማረሻ ምክንያት ተለወጠ ማለት ነው። እኛ በክፍል ውስጥ «የታረሰ» እና «ያልታረሰ» ብለን ስንከፍል የምንስተው ነገር ይህ ነው።

በዚህ በተራቆተ ምድር ላይ አዲስ እንግዳ ገባ። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾኻም ዛፍ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአዋሽ ሸለቆ በብዛት ሲተከል ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነፋስ እንዲያግድ፣ ጥላና ማገዶ እንዲሰጥ፣ በረሓውንም እንዲገታ ነበር። ከብት ግን ጣፋጭ ፍሬውን እየበላ ዘሩን ከፍግ ጋር በየሜዳው ዘራው። የአፋር ሰዎች «ደርጊ ሃራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ሌሎች ደግሞ «ወያኔ» ብለው ጠሩት፤ እንዲህ ሥልጣን የያዘውን ሁሉ ስም እየወሰደ ኖረ። ዛሬ በአፋር ከ1 ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ መሬት ይዟል፤ የሜዳ አህያ በሚኖርበት በአለደጌ የሣር ሜዳም እየገባ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ በቆመበት ሥፍራ ከሥሩ ሣር አይበቅልም። በዚህም በጅቡቲ ተስፋፍቶ ይገኛል። የአዋሽ ውሃ በላይ በመስኖ ሲጠለፍና ድርቁም ሲደጋገም ከዘመን ወደ ዘመን የሸሸው የአቤ ሐይቅ ዳርቻ ደግሞ ለሁለቱም አገሮች የጋራ ምስክር ነው። በላይኛው አገር የተሠራው ሥራ መጨረሻው በእናንተ ደጅ ይታያል።

ወደዚች ከተማ ስመለስ በወደቡ ሁለት ነገር ሲተላለፍ አያለሁ። ወደ ኢትዮጵያ የማዳበሪያ ጆንያ በከባድ መኪና ይወጣል፤ ከኢትዮጵያ ደግሞ በግና ግመል ወርዶ በመርከብ ይሻገራል። የሚሻገረው በግ ሌላ ነገር አይደለም፤ ሥጋ የለበሰ ሣር ነው። ስለ ማዳበሪያውም አንድ ነገር ልናገር። በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስቴድ የምርምር ጣቢያ «ፓርክ ግራስ» የሚባል መስክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1856 በየክፍሉ ተከፋፍሎ ለአንዳንዱ ማዳበሪያ ተሰጠ፤ ለአንዳንዱ ተከለከለ፤ ሙከራውም እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ምንም ባልተሰጠው ክፍል 40 ያህል የዕፀዋት ዓይነት አብረው ይኖራሉ። አሞኒየም ያለበት ማዳበሪያ በብዛት በተጨመረበትና አፈሩ በኮመጠጠበት ክፍል ግን ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ብቻ ቀርተዋል፤ ኃይለኛው ሣር ደካሞቹን ሁሉ አፍኗቸዋልና። ከዚህ የምንማረው ብዙ ድርቆሽ የሚሰጥ መስክ ሁሉ ባለጸጋ መስክ አለመሆኑን ነው። ይህን የምለው ማዳበሪያን ለመንቀፍ አይደለም። በታረሰው ማሳ ላይ ምርት ቢጨምር ያልታረሰውን ጨፌ ለማትረፍ ዋና ረዳት ሊሆን ይችላል። ከማሳው ታጥቦ ወደ ጨፌውና ወደ ወንዙ ሲወርድ ግን ጉዳት ነው።

ሣርን ጠብቆ መኖር የሚቻል ለመሆኑ ምሳሌ ፍለጋ ወደ ባዕድ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በመንዝ የጓሳ ምድር አለ፤ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙም በላዩ ከሚበቅለው ከጓሳ ሣር የተወሰደ ነው፤ ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል። የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆት ኖሯል። የተመረጡ አለቆች ነበሩት፤ ምድሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ደግሞ ቀን ተቆርጦ ይታጨዳል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሣሩም ባለቤት እንደሌለው ሁሉ ተሻሙበት። በኋላ ግን ሕዝቡ እንደገና ተደራጅቶ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አደረገው። ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ በዚያ ይኖራሉ። ልብ በሉ፤ የጓሳ ምድር የዳነው ሰው ስላልነካው አይደለም፤ ሰው በሥርዓት ስለ ተጠቀመበት ነው።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር፤ ሌላውን ብቻ መውቀስ ለመምህር አይገባምና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከማስተምርበት ግቢ ጀርባ አንድ መስክ ነበረ። እኔም ለሠልጣኞቼ «ይህ ባዶ ቦታ ለአገር ይጥቀም» ብዬ አስቆፈርሁና ባሕር ዛፍ አስተከልሁ። ተመሰገንሁበትም። ችግኙ አድጎ መሬቱን ሲያለብስ ከሥሩ ያለው ሣር ጠፋ። አንድ ቀን የሠፈሩ ባልቴት በአጥሩ በኩል ጠሩኝና «ልጄ፣ አክርማዬን ወዴት አደረስከው?» አሉኝ። እኒህ ሴት ስፌት ሰፍተው የሚተዳደሩ ነበሩ፤ ከዚያም መስክ በየዓመቱ ያጭዱ ነበር። የምመልሰው አጣሁ። ከሁሉም የባሰው ሐፍረቴ የዕፀዋትን ትምህርት የማስተምር ሰው ስሆን አክርማ ከሣሮቹ መካከል የትኛው እንደ ነበረ አለማወቄ ነው። ባዶ ያልሁት መሬቱን ነበር፤ ባዶ የነበረው ግን ዕውቀቴ ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ ሆይ፤ በትምህርት ቤቶቻችን ልንፈጽማቸው የምንችላቸውን ሦስት ነገሮች አሳስባለሁ።

፩ኛ፤ «ባዶ መሬት» እና «ጠፍ መሬት» የሚለውን ቃል ሳንመረምር አንናገር። ልጁ ያልታረሰ ምድር ባየ ጊዜ «በዚህ ማን ይኖራል? ማንስ ይጠቀምበታል? በየትኛውስ ወር?» ብሎ እንዲጠይቅ እናስተምረው።

፪ኛ፤ አራት ካስማና አንድ ገመድ ይበቃናል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አድርገን እንከልል፤ አንዱን ታርሶ በማያውቅ ሥፍራ፣ ለምሳሌ በመቃብር ቦታ ዳር፤ ሁለተኛውን ከብት በሚመላለስበት፤ ሦስተኛውን ጦም ባደረ ማሳ ላይ። ተማሪዎች በየካሬው ስንት ዓይነት ዕፀዋት እንዳለ ይቍጠሩ፤ በየዓመቱም በዚያው ወር ይድገሙት። የጅቡቲ መምህራንም ዝናብ በጣለ ሰሞን በፕሮሶፒስ ጥላ ሥርና ከጥላው ውጭ ያለውን ማስቈጠር ይችላሉ። ከቁጥሩ የሚገኘውን ትምህርት ማንም መጽሐፍ አይተካውም።

፫ኛ፤ የዕፀዋቱን ስም ከሽማግሌና ከባልቴት እናስጽፍ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአፋርኛ፣ በሶማልኛ ያለው ስም ሁሉ ከነጥቅሙ በተማሪው ደብተር ይግባ። ስሙን የማያውቅ ሰው መጥፋቱንም አያውቅም። ዛፍ የመትከል ቀን በመጣ ጊዜም ዛፍ በነበረበት እንትከል እንጂ ሣር ባለበት ላይ አንትከል።

እርሻ ይቅር አላልሁም፤ አልልምም። እኔም የገበሬ እንጀራ በልቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። የምለው የትኛው ታርሶ የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው ሰው አስቀድሞ ይወቅ ነው። ያ ሰው ደግሞ ዛሬ በእኛ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፤ ነገ የወረዳ ሹም ይሆናል፤ መሐንዲስ ይሆናል፤ ካርታ ዘርግቶ ይፈርዳል። ያን ጊዜ በካርታው ላይ ነጭ ሆኖ የሚያየው ቦታ ለአንዲት ባልቴት አክርማ፣ ለአንድ አፋር የበጋ ጎተራ፣ ለአንድ በሬ ጉልበት መሆኑ ትዝ እንዲለው የሚያደርገው ዛሬ እኛ የምናስተምረው ትምህርት ነው።